ሰፊዋ እርምጃ

በቴያትሩ ደጃፍ ስሙ «ጊል ዘይን» ይላል፤
ጌትዝል ዝላትኪን ለአምፖል ይረዝማል፤
መብራት በፊደል ነው፣ በሳንቲም ይቆጠራል፣
እንደ ኮት እጅጌ ስምም ይታጠፋል።

አባቱ ሐዛን ነው፣ ጸሎት በዜማ መሪ፣
በብራውንስቪል ምኩራብ ሠላሳ ዓመት ኗሪ።
(በእኛ ፊደል ስጽፈው እጄ ፈራ ነበር፤
የ«ዛ» እግሯ ቢያጥር ሐዘን ነው የሚቀር።)
ሰውዬው ግን አያዝንም፤ መቆጣት ይቀናዋል፣
ለጉሮሮው ብሎ ጥሬ እንቁላል ይውጣል፣
የልጁንም ሙያ «ያ ነገር» ይለዋል።
«ያ ነገር ያበላል?»
«ያበላል፣ አባባ።»
«እንግዲያው ብላበት።»
ሌላ ቃል አልወጣው እስከ ሰባት ዓመት።

ኒው ሄቨን፣ የካቲት፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት፤
ትርኢቱ ለሙከራ የወጣባት ከተማ፣ በረዶ የዋጣት።
ላንዳወር፣ ባለ ገንዘቡ፣ ሲጋራውን ያኝካል፤
«ሁለተኛው ገቢር ሬሳ ሆኗል» ይላል፣
«ልጅቷ ከበቆሎው መሃል ብቻዋን ቆማለች፣
ወዳጇ ጥሏት ሄዷል፤ ምን ብላ ትዘፍናለች?
እስከ ነገ ማታ!»

ጌትዝል ካንሳስን አላያትም። በቆሎ የሚያውቀው
በፒትኪን ጎዳና፣ ከጋሪ ላይ፣ ተቀቅሎ በጨው ነው።
ግጥም ጻፊው ሮትባርትም የሪቪንግተን መንገድ ልጅ፣
ላም ያየው በወተት ጠርሙስ ክዳን ላይ ነው።

ምግብ ቤቱ ጨልሟል፤ ወንበሮቹ በየጠረጴዛው ተገልብጠዋል።
ጌትዝል ፒያኖውን በአንድ ጣት ይነካል።
ከሁለተኛው ድምፅ ወደ ሦስተኛው ሊሻገር፣
መሃሉ ሰፋበት፤ ወንዝ ገብቶበት ነበር።
ዘለለው።
ማዶው ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከአባቱ የጸሎት መጎናጸፊያ ሥር፤
የስርየት ቀን ነው፤ የጾመኛ አፍ ይሸታል፣
ሱፉ ጉንጩን ይበላል፣
ከላይ ያ ድምፅ ይለምናል፤ ደግሞ እንደ ገበያ ሰው
ከፈጣሪ ጋር ዋጋ ይከራከራል።

«ይሄ ጸሎት ነው» አለ ሮትባርት ከጨለማው።
«ነበር» አለ ጌትዝል። «ግጥሙን አምጣው።
ከሥሩ ፎክስትሮት አነጥፍለታለሁ፤
የሚረግጠው ይኑረው።»

ሞይራ ድሩሪ፣ የስክራንተን ከሰል ቆፋሪ ልጅ፣
መድረክ ሳትወጣ የምታማትብ፣
«ይቺ ድምፅ ታዳልጣለች፤ እንዴት ልርገጣት?» አለች።
«ልታለቅሺ ስትይ ሳቂ፤ ያኔ ትይዝሻለች።»
«ማን አስተማረህ?»
«እንቁላል የሚውጥ ሰውዬ።»

ኒው ዮርክ። ረቡዕ ከሰዓት። ከሰገነቱም የመጨረሻው ረድፍ።
ፒንከስ ዝላትኪን ኮቱን እንደ ለበሰ፣
አስተናባሪው «ባርኔጣዎን» ቢለው፣
«ከታች ያሉት ያውልቁ፤ እኔ ለጣራው ቅርብ ነኝ፣
የሚያየኝ አለ» አለው።
የሴት ዘፈን መስማት በሕጉ ክልክል ነው፤
ጆሮውን በጣቶቹ ደፈነ።
በጣትና በጣት መሃል፣ መቼስ፣ ክፍተት አይጠፋም።

በቆሎው ከጨርቅ ነው፣ ጨረቃዋ ከቆርቆሮ።
ሞይራ ዘለለች።
የሰውዬው ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ መንገዱን ያውቀዋል፣ እስከ ጠጠሩ።
ከበሮው ዝም ያለበት፣ ምእመኑ የሚመልስበት ስፍራ ነበር፤
«አሜን» ሊል አፉን ከፈተ።
ጭብጨባ ቀደመው።

በጓሮው በር፣ በበረዶው፣ ልጁ እጁን በብብቱ ከቶ ቆሟል፤
ሰባት ዓመት ያሰናዳው መልስ ካፉ ጠፍቶታል።
«ሦስተኛው ስንኝ ላይ» አለ አባትየው፣
«ልጅቷ መሃል ላይ ተነፈሰች።
ወንዝ እየዘለለ ማን ይተነፍሳል?»
«እነግራታለሁ።»
«አንተማ ምን ታውቃለህ። አምጣት።»

ሐሙስ፣ ብራውንስቪል። ፒንከስ ጓዳ ገብቷል፤
ለሕጉ ሲል ጀርባውን ለማድቤቱ ሰጥቷል፣
ለዜማው ሲል በሩን ስንጥቅ ታህል ትቷል።
ሞይራ ድሩሪ ወጥ ቤት ወንበር ላይ፣
እናትየው ፍሬይደል የሰጠቻትን ብርጭቆ ይዛ፣
አማተበች፣
ዓይኗን ጨፈነች፣
እንቁላሉን ዋጠች።